መጀመሪያ ጄሪካኑን ቁጠሩ፦ የጓሮ አትክልት አሠራር ከ40 ዓመት ስሕተት በኋላ

ጓሮ የጀመርኩት ልጅ ሆኜ ቢሾፍቱ ነው። ወድጄ አልነበረም። እናቴ ጎመኑን ትተክላለች፣ እኔ ውሃ እቀዳለሁ፤ የሥራ ክፍፍላችን ይኸው ነበር። እናቴ አዲስ መደብ የምትከፍተው እኔ በቀን ስንት ጊዜ ተመላልሼ መቅዳት እንደምችል አይታ ነበር። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም። አዲስ አበባ ገብቼ የራሴን ግቢ ስይዝ መሬት አለ ብዬ ከአጥር እስከ አጥር ቆፈርኩ፣ ቲማቲሙን፣ ቃሪያውን፣ ካሮቱን፣ ሰላጣውን አንድ ላይ አፈሰስኩት፣ ኅዳር ሲገባ ውሃ በፈረቃ ሆነና ሁሉም እኩል ደረቀ። አንድ ዓመት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሦስት ዓመት ተመላለስኩበት።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከዘር ሳይሆን ከውሃ ነው። የምጽፈው አዲስ አበባንና መሰል ደጋና ወይና ደጋ አገሮችን እያሰብኩ ነው። ቆላ ያላችሁ የወራቱን ነገር ለአገራችሁ አስተካክሉት።

1. ውሃችሁን ለኩ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። በበጋ፣ ፀሐይ በሚከርርበት ቀን፣ ቅጠሉ የሞላ አንድ ካሬ ሜትር መደብ ከ4 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል። እንግዲህ ሒሳቡ እዚህ ላይ ያልቃል፦ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በቀን ከ4 እስከ 5 ካሬ ሜትር ያጠጣል። ሳትሰለቹ፣ ሳትታመሙ፣ እንግዳ መጣ ሳትሉ በቀን ሁለት ጄሪካን ማውጣት ከቻላችሁ ጓሯችሁ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ነው። የቀረውን መሬት ሣር ይብቀልበት፣ ልጆች ይጫወቱበት።

ቧንቧው አያስተማምንም። ስለዚህ ጎመን የታጠበበትን፣ ሩዝ የተለቀለቀበትን፣ ልብስ ለመጨረሻ ጊዜ የተለቃለቀበትን ውሃ አትድፉ። በረኪና የነካውን ግን ወደ መደቡ እንዳታመጡት። ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ አሸንዳ አድርጉና በርሜል ወይም ሮቶ ሥሩ አስቀምጡ፤ 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ በአንድ ደህና የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 800 ሊትር ይሰጣል፣ የሚፈሰውና የሚረጨው ተቀንሶም ብዙ ነው። ክዳኑን አትርሱ፣ አለበለዚያ ትንኝ ታረባላችሁ።

የከተማ ወንዝ ውሃ አትጠቀሙ። የአቃቂ ወንዝ የፋብሪካና የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ ይገባበታል፣ በዚያ ውሃ ባደገ አትክልት ላይም መርዛማ የሆኑ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል። ይህ ደግሞ ታጥቦ ወይም ተቀቅሎ የሚሄድ ነገር አይደለም።

2. ቦታውን ምረጡ

ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ጥላ ከበዛ ቲማቲምና ቃሪያን እርሱት፤ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ግን በ4 ሰዓት ፀሐይም እያኮረፉ ያድጋሉ። የጎረቤት ባሕር ዛፍ አጥሩ ላይ ካለ ራቁ። ሥሩ ከአጥር በታች መጥቶ እናንተ የምታጠጡትን ይጠጣል፣ ይህን ለማመን መቆፈር ያስፈልጋል፣ እኔ ቆፍሬ አይቼዋለሁ።

መደቡ ወርዱ ከ1 ሜትር እስከ 1.20 ይሁን፣ ቁመቱ እንደፈለጋችሁ። ከዚህ ከሰፋ እጃችሁ መሐል አይደርስም፣ ትረግጡታላችሁ። መደብ አይረገጥም። አንዴ በእግር የተጠቀጠቀ አፈር እንደገና እስኪላላ ድረስ ወቅቱ ያልፋል። በመደቦቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር የእግር መንገድ ተዉ።

3. አፈሩን እወቁ፣ ከዚያ ብስባሹን ጀምሩ

አንድ ጭብጥ አፈር አርጥቡና በመዳፋችሁ ጠቅልሉት። እንደ ሊጥ ተስቦ ረጅም ገመድ ከወጣው ሸክላ የበዛበት፣ ምናልባትም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ወዲያው ከፈራረሰ አሸዋማ ነው። ትንሽ ተጠቅልሎ ከተሰበረ አመስግኑና ቀጥሉ።

መረሬ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል፣ በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። መፍትሔው መደቡን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ ብስባሽ በየወቅቱ መጨመርና እርጥብ ሆኖ አለመንካት ነው። እርጥብ መረሬ ከቆፈራችሁ የሚወጣው ሸክላ ድስት የሚሠራበት ጓል ነው። አንድ ሰው አሸዋ ቀላቅልበት ብሎኝ የግንባታ አሸዋ አስመጥቼ፣ ከፍዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቀላቀልኩ። ያገኘሁት ጡብ ነው። ሸክላን በአሸዋ ለመለወጥ ከግማሽ በላይ አሸዋ መሆን አለበት፣ ያ ደግሞ ጓሮ መሆኑ ይቀርና የግንባታ ሥራ ይሆናል። አዲስ ቤት የተሠራበት ግቢ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሲሚንቶውን፣ ምስማሩንና የጠርሙስ ስባሪውን ልቀሙ።

ብስባሽ እንዲህ ይሠራል። ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ቢያንስ 1 ሜትር በ1 ሜትር ምረጡ። ከታች አየር እንዲገባ ጭራሮ አንጥፉ። በላዩ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ነገር (ጭድ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳ የተከተፈ)፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር እርጥብ ነገር (የአትክልት ልጣጭ፣ አረም፣ የቡና አተላ)፣ ከዚያ ስስ የፍግ ንብርብር፣ ከዚያ ጭብጥ ጭብጥ አፈር በትኑና ውሃ እርጩ። እንደገና ከመጀመሪያው። ክምሩ 1 ሜትር ከፍ እስኪል ቀጥሉ፤ ከዚህ ያነሰ ክምር አይግልም፣ ካልጋለ ደግሞ የአረም ዘር አይሞትም።

መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ተዉት። ከሳምንት በኋላ መዝዛችሁ በእጃችሁ ያዙት። ሞቆ እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ቀዝቅዞ ደረቅ ከሆነ ውሃ ይፈልጋል። ከሸተተ እርጥበት በዝቶበታልና ገልብጡት፣ ደረቅ ነገር ጨምሩበት። በየ3 እና 4 ሳምንቱ እየገለበጣችሁ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። ጥቁር ሆኖ፣ ፍርፍር ብሎ፣ ዝናብ የመታው መሬት ሲሸት አውጡት። በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ሁለት ባልዲ ይበቃል።

የማይገባው፦ ሥጋና አጥንት (አይጥና ውሻ ይጠራል)፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ በበሽታ የሞተ ቲማቲምና ድንች። የዶሮ ኩስ ይገባል፣ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ግን ትኩሱን በቀጥታ ችግኝ ሥር እንዳታደርጉት፣ ያቃጥላል። ትኩስ አዛባም እንደዚሁ።

4. ዘሩን ፈትኑ

ዘር ከመዝራታችሁ በፊት 10 ፍሬ ቆጥራችሁ በረጠበ ሶፍት ጠቅልሉ፣ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ 7 ወይም 8 ከበቀለ ዝሩ። 5 ከሆነ አብዝታችሁ ዝሩ። 2 ከሆነ ወደ ገዛችሁበት ሂዱ፣ ባይሰሟችሁም። አንድ ጊዜ ማሸጊያው የሚያምር የሽንኩርት ዘር ገዝቼ ሳልፈትን ዘራሁት፣ ወር ሙሉ ባዶ መደብ አጠጣሁ፤ ቆርቆሮውን ገልብጬ ሳየው ጊዜው ያለፈው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የሽንኩርት ዘር ከሁሉም ቶሎ ይሞታል፣ ከአንድ ዓመት በላይ አትመኑት። የቲማቲምና የጎመን ዘር ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ 4 ዓመት ያህል ይቆያል።

ሌላው፣ ብዙ አትግዙ። አንድ ግራም የቲማቲም ዘር 300 ያህል ፍሬ ነው። ለአንድ ቤት 10 ሥር ቲማቲም ይበቃል። ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ።

5. ችግኝ አፍሉ

በችግኝ የሚተከሉት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ ናቸው። ትንሽ መደብ በደንብ አድቅቁ፣ በጣታችሁ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚራራቅ መስመር አውጡ፣ ዘሩን በ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አሳስታችሁ ዝሩ፣ በደረቅ ሣር ሸፍኑና በወንፊት ማጠጫ አጠጡ። የጎመን ዘመዶች በ5 እና 6 ቀን ብቅ ይላሉ። ቃሪያ ግን ሁለት ሳምንት፣ ብርድ ከሆነ ከዚያም በላይ ያስጠብቃል፣ ሞተ ብላችሁ እንዳትቆፍሩት። ብቅ ማለት ሲጀምር ሣሩን በዚያው ቀን አንሱ። አንድ ቀን ከዘገያችሁ ችግኙ ቀጭን ነጭ ክር ሆኖ ይወጣል።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይደርሳሉ፣ ሽንኩርት እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ከመንቀላችሁ በፊት ባለው ሳምንት ጥላውን አንሱ፣ ውሃውን ቀንሱ። ችግኙ ትንሽ ይጠንክር። በመንቀያው ቀን ግን በደንብ አጠጡ፣ ሥሩ አፈር ይዞ ይወጣል። የሚተከለው ወደ ማታ ላይ ነው፣ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ። ጠዋት ተክሎ ቀትር ላይ ማልቀስ የብዙ ጀማሪ ታሪክ ነው።

ጥልቀቱ ላይ ልብ በሉ። ቲማቲም የታችኛውን ቅጠል ቆርጣችሁ ግንዱን ከግማሽ በላይ ብትቀብሩት ከግንዱ ሥር ያወጣል፣ ይጠነክራል። ቃሪያ ችግኝ መደብ ላይ በነበረበት ልክ ይተከል። ሰላጣና ቆስጣ ልባቸው አፈር ከገባበት ይበሰብሳሉ።

ከተከላችሁ በኋላ በማግሥቱ ችግኙ ከሥሩ ተቆርጦ ተኝቶ ብታገኙት ሌባ ወይም ዶሮ አይደለም፣ ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት ይወጣል፣ ቀን እዚያው አጠገቡ አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል፣ በጣታችሁ ጫር ጫር ብታደርጉ ታገኙታላችሁ። መከላከያው ባዶ ሃይላንድ ነው። ፕላስቲኩን በ8 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንደ ቀለበት ቆራርጣችሁ በየችግኙ ዙሪያ ግማሹን አፈር ውስጥ ሰኩት። ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላየሁም፣ ነጻም ነው።

ካሮት ፈጽሞ አይዛወርም። ሥሩ ከተነካ እንደ ሱሪ ሁለት እግር ያወጣል። በቀጥታ መደቡ ላይ በ20 ሴንቲ ሜትር በሚራራቁ መስመሮች ዝሩት። የካሮት ዘር ብቅ ለማለት ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል፣ በዚህ ጊዜ የላይኛው አፈር አንድ ቀን ከደረቀ አለቀ። የእኔ ዘዴ ጆንያ አርጥቦ መደቡ ላይ ማንጠፍ ነው። ከ7ኛው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፣ አረንጓዴ ነጥብ ካያችሁ ጆንያውን አንሱ። አንድ ዓመት ሁለት ቀን ረስቼው ጆንያውን ሳነሳ ካሮቱ ከነክሩ ተያይዞ መጣ።

ካሮቱ አንድ ጣት ሲያክል አሳሱት፣ በመካከላቸው 5 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ሰው ማሳሳት አይሆንለትም፣ ያሳዝነዋል። ካላሳሳችሁ ግን 3 ወር ጠብቃችሁ የምታገኙት እርሳስ ነው።

6. ወቅቱን አትግፉ

ግንቦት ላይ ብስባሹን መደቡ ላይ አውጡና ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ፣ የጥቅል ጎመን ችግኝም አፍሉ። ሰኔና ሐምሌ የጎመን፣ የጥቅል ጎመን፣ የቆስጣና የድንች ጊዜ ነው። ውሃ ከሰማይ ነው፣ የእናንተ ሥራ ማረምና ውሃ እንዳይቆም ቦይ መክፈት ብቻ። እናቶቻችን መስከረም ላይ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚሉት ክረምቱን ሙሉ በጎመን ስለሚያልፉት ነው። ጎመን በክረምት እንዲህ የሚመቸው አትክልት ነው።

ቲማቲም ግን በሐምሌ ሜዳ ላይ አትትከሉ። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም፣ በየዓመቱ አንድ ጎረቤት ይተክላል፣ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ይጠራኛል። ብርድና ዝናብ ሲገናኙ ቅጠሉን የፈላ ውሃ ያፈሰሱበት አስመስሎ የሚያጠቁር በሽታ አለ፣ ገበሬው ምች ወይም ዋግ ይለዋል። በ1840ዎቹ አየርላንድን ያስራበው ይኸው የድንች በሽታ ነው፣ ቲማቲምንም አይምርም። መደብ ሙሉ ተክል በአንድ ሳምንት ይወስዳል። ለድንች ቢያንስ ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡ እንደ ጉዳኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎች አሉ፣ ከድሮዎቹ ይልቅ ይቋቋሙታል። ማንኮዜብ የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት የሚረጩም አሉ፤ እሱ ግን የሚጠቅመው በሽታው ከመታየቱ በፊት ነው፣ ከታየ በኋላ ገንዘብ መበተን ነው። ከረጫችሁ ደግሞ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ቀን ሳትጨርሱ አትብሉ።

ቲማቲም ከፈለጋችሁ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ችግኙን በረንዳ ሥር፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ አፍሉ። መስከረም መጨረሻ ላይ ትከሉ። አፈሩ የክረምቱን እርጥበት ይዟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሁለቱን አንድ ላይ የምታገኙት ያኔ ብቻ ነው። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣም በዚሁ ጊዜ ይዘሩ። ቲማቲሙን በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ትከሉት፣ እንጨት ሰኩለት፣ በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት።

ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ጸጥ ብሎ፣ ማታ ጆሮ የሚቆነጥጥ ብርድ ካለ ንጋት ላይ ውርጭ ጠብቁ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች በአንድ ሌሊት ይጠቁራሉ። ማታ ላይ በአሮጌ አንሶላ ሸፍኑ፣ አንሶላው ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ከፍ ይበል፣ ጠዋት አንሱት። ጎመንና ካሮት ግድ የላቸውም፣ ጎመን እንዲያውም ይጣፍጣል።

የካቲት ላይ በልግ ከጣለ ቆስጣና ሰላጣ እንደገና ይዘራል። ካልጣለ ጄሪካኑ አለ። በልግ ላይ ተስፋ ያደረገ መደብ ብዙ ጊዜ አሳፍሮኛል።

7. አጠጣጥ

ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ አስገቡ። እርጥበት ከተሰማችሁ አታጠጡ። ደረቅ ከሆነ በደንብ አጠጡ። በየቀኑ ላዩን ማርከስከስ ሥሩን ላይ ላይ እንዲቀር ያደርገዋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ስትቀሩ ይጠወልጋል። ዘርና ለጋ ችግኝ በየቀኑ፣ ያደገ ተክል ግን በየሁለት በየሦስት ቀኑ የዚያን ሁሉ ቀን ድርሻ አንድ ላይ ያግኝ። ጠዋት አጠጡ፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን።

ቲማቲማችሁ ታች ቂጡ ላይ ጥቁር ጠፍጣፋ ጠባሳ ካወጣ ለመድኃኒት አትሩጡ፣ የሚተላለፍ በሽታም አይደለም። አንድ ሳምንት አድርቃችሁ አንድ ሳምንት ስታጥለቀልቁት ካልሲየም ወደ ፍሬው በእኩል መድረስ ያቅተዋል፣ ጠባሳው ከዚያ ይመጣል። ውሃውን አመጣጥኑ፣ ቀጣዮቹ ፍሬዎች ንጹሕ ይወጣሉ። ይህን ሳላውቅ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ገዝቻለሁ።

በበጋ መደቡን በጤፍ ጭድ ወይም በደረቅ ሣር በ5 ሴንቲ ሜትር ጎዝጉዙት። ውሃ ይቆጥባል፣ አረም ያፍናል። ግንዱን እንዳይነካ ብቻ። በክረምት ደግሞ ጉዝጓዙን አንሱት፣ ቀንድ አውጣና ዛጎል የሌለው ዘመዱ ቤት ይሠሩበታል።

8. ተባይ

ጓሮ በየቀኑ የእግር ጉብኝት ይፈልጋል። ጠዋት ቡናችሁን ይዛችሁ አንዴ ዞር በሉ፣ ቅጠል ገልብጣችሁ የታችኛውን ገጹን እዩ።

የጎመን ቅጠል ተጨማድዶ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። በጣም የተወረረውን ቅጠል ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ለቀሪው በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ በቅጠሉ የታችኛው ገጽ ላይ እርጩ፣ በ4 ቀን ድገሙት። ፀሐይ ላይ አትርጩ። የልብስ ዱቄት ሳሙናም አትጠቀሙ፣ ቅጠሉን ይለበልበዋል። እናቴ አመድ ትበትንበት ነበር፤ ለጥቂት ክሽክሽ ይሠራል፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ታጥቦ ይሄዳል።

ቲማቲም ላይ ቅጠሉ መሐል እንደ ፌስታል የሳሳ፣ የነጣ ንጣፍ ካያችሁ፣ ፍሬውም መርፌ የወጋው ቀዳዳ ካለው ቱታ አብሶሉታ ናት። ከደቡብ አሜሪካ የመጣች የእሳት እራት ስትሆን ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ታየች፣ ከዚያ ወዲህ የቲማቲም ነገር እንደ ድሮው አይደለም። ለጓሮ የሚሆነው ቅጠሉን በየቀኑ መልቀም፣ ፌስታል ውስጥ አስሮ ፀሐይ ላይ ማቃጠል ነው። ብስባሽ ውስጥ አትጣሉት።

የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት መደብ ላይ ቅጠሉ ከታች ቢጫ እየሆነ መጥቶ ስትነቅሉት ሥሩ ነጭ ጥጥ የለበሰ ከሆነ እዘኑ። ነጭ አበስብስ ነው፣ በአፈር ውስጥ 20 ዓመት መቆየት ይችላል። እዚያ መደብ ላይ የሽንኩርት ዘመድ የሚባል ነገር አታስጠጉ፣ የቆፈራችሁበትን ዶማም እጠቡ። የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከተበከለ ተከላ ነጭ ሽንኩርት ጋር ነው፣ ስለዚህ ስትገዙ ሥሩን አገላብጡ።

ማፈራረቅ ከመድኃኒት ይበልጣል። ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን አንድ ቤተሰብ፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት አንድ ቤተሰብ። ድንች በነበረበት ላይ ቲማቲም ከተካችሁ አላፈራረቃችሁም። አንድ ቤተሰብ ወደ ነበረበት መደብ የሚመለሰው ከ3 ዓመት በኋላ ነው፣ መሐል ላይ ባቄላ ወይም ፎሶሊያ ዝሩበት። ቦታ ጠቦ ካስቸገረ ቢያንስ አንድ ዓመት ዝለሉ።

9. ለጀማሪ የመጀመሪያው መደብ

በቀን አንድ ጄሪካን ላለው ሰው ይህን እሰጣለሁ፦ 1 ሜትር በ4 ሜትር። የመጀመሪያው ሜትር ላይ 9 ሥር ቆስጣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት። ሁለተኛው ላይ 6 ሥር ጎመን። ሦስተኛው ላይ 5 መስመር ካሮት፣ በደንብ ከሳሳ 100 ፍሬ ይወጣዋል። አራተኛው ላይ 16 ሥር ሰላጣ፤ ሰላጣው እንዲፈራረቅ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከ3 ሳምንት በኋላ። ቲማቲም የለበትም። አዎ፣ ሁሉም ሰው ቲማቲም ነው የሚፈልገው፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ።

ቆስጣውን ከ50 እና 60 ቀን በኋላ ከዳር ከዳር ቅጠሉን እየሰበራችሁ ብሉ፣ ልቡን አትንኩ። ጎመኑን ከታች ወደ ላይ ቀንጥሱ፣ ጫፉ ላይ ሁልጊዜ 5 እና 6 ቅጠል ይቅር። እንዲህ ከያዛችኋቸው ለወራት ይሰጣሉ። ካሮት በ3 ወር ገደማ ይደርሳል፣ አንዱን ነቅላችሁ ቅመሱ፣ መጠኑ ሳይሆን ጣዕሙ ይንገራችሁ።

10. የራሳችሁን ዘር ያዙ

ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር በመጀመሪያው ዓመት ዘር አይሰጡም፣ ብርድም ይፈልጋሉ፤ ለእነሱ አትልፉ። የሐበሻ ጎመን ግን ቀላል ነው። ደህና ደህናዎቹን 5 ወይም 6 ሥር ምረጡና ቅጠላቸውን ሳትቀነጥሱ ተዉአቸው፤ ቶሎ ያበበውን ሳይሆን ዘግይቶ ያበበውን ምረጡ፣ ቶሎ የሚያብብ ጎመን ቅጠል አይሰጥምና። ሌላ የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ አጠገቡ እንዳያብብ ጠብቁ፣ ንቧ ትቀላቅላቸዋለች። ዘሩን የያዘው ቆባ ሲገረጣ፣ ሳይፈነዳ፣ ጠዋት ጤዛ እያለ ከነአገዳው እጨዱ፣ ጆንያ ውስጥ ቁልቁል ስቀሉት። ሳምንት ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ጆንያውን በእጃችሁ አሸት አሸት ስታደርጉት ዘሩ ታች ይወርዳል። አንፍሱት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ።

ጠርሙሱ ላይ ስሙንና ቀኑን ጻፉ። እኔ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ ብዬ ሳልጽፍ አስቀመጥኩ፣ በክረምቱ ዘርቼ፣ አርሜ፣ ኮትኩቼ፣ ነሐሴ ላይ ቤተሰቡን ሰብስቤ ያበላሁት ሰናፍጭ ነበር።